የሥራ ቀን ቁርስ የሚሆን ጤናማ ፓንኬክ እንዴት እንደሚሰራ

ደሴ ላይ ጠዋት ጥድፊያ ነው። የጦሳ ተራራ ጉም ሳይገፈፍ ልጆች ይቀሰቀሳሉ፣ ደብተር ይፈለጋል፣ ቁርሱም ብዙ ጊዜ በዳቦና በጣፋጭ ሻይ ይታለፋል። ፓንኬክ ከዚህ የተሻለ ቁርስ መሆን ይችላል። በፉርኖ ዱቄትና በስኳር ከተሰራ ግን ከዳቦና ከሻዩ ብዙም አይለይም። ቁም ነገሩ ያለው ዱቄቱ ላይ ነው። ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ክፈሉት፤ ዱቄቱን እሑድ ቀላቅላችሁ አስቀምጡ፣ ጠዋት ጠዋት ማቡካትና መጋገር ብቻ ይቀራችኋል።

እሑድ፦ ዱቄቱን መቀላቀል

ስንዴውን ለቅማችሁ፣ አጥባችሁና በደንብ አድርቃችሁ ወፍጮ ቤት ስትወስዱ እንዲልም አድርጋችሁ አስፈጩት፤ ከዚያ በኋላ አትንፉት። በወንፊት ላይ የሚቀረው ፉርሽካ አብዛኛውን የስንዴውን አሰርና ብዙውን ብረቱን የያዘ ነው። ልጁ እስከ ምሳ ሳይርበው እንዲቆይ የሚያግዘውም ይኸው አሰር ነው።

ሁለት ኩባያ ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ የቀይ ጤፍ ዱቄትና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ቀላቅሉ። ጤፉን ከዚህ በላይ አታብዙት። ጤፍ ግሉተን (ሊጥን የሚያያይዝ ፕሮቲን) ስለሌለው ሊጡን አይዝም፣ ሲበዛም ፓንኬኩ ሲገለበጥ ይፈራርሳል። ከሚሴ ወይም ባቲ አካባቢ ያላችሁ በጤፉ ፋንታ የማሽላ ዱቄት ብታደርጉ ይሆናል፤ ማሽላ ግን ሻከር ስለሚል በጣም የላመ መሆን አለበት።

ቤኪንግ ፓውደሩ ላይ ጠንቀቅ በሉ። አብዛኛዎቹ የምግብ አሰራሮች የተጻፉት ለዝቅተኛ ቦታ ነው፤ ለአንድ ኩባያ ዱቄት ሁለት የሻይ ማንኪያ ድረስ ያዝዛሉ። ደሴ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ በሊጡ ውስጥ የሚፈጠረው ጋዝ ቶሎና በብዛት ይነፋል፤ ሊጡ በስሎ ከመጽናቱ በፊትም አረፋው ይፈነዳል። ፓንኬኩ መጥበሻው ላይ አብጦ ሳህን ላይ ሲደርስ የሚሟሽሸው ለዚህ ነው። ከላይ ላለው ሦስት ኩባያ ዱቄት ደሴ ላይ ሦስት የሻይ ማንኪያ ይበቃል። 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ኮምቦልቻ አራት አድርጉ። ማንኪያው ሙልት ያለ ሳይሆን ልክ የተደረገ ይሁን።

ሳምንቱን ሙሉ ለመጠቀም ካሰባችሁ መጠኑን እጥፍ ወይም ሦስት እጥፍ አድርጉና ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ አስቀምጡ። ያልተነፋ ዱቄት ቅባት ስላለው ቶሎ ይበላሻል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ መጨረስ ይሻላል።

ጠዋት፦ ማቡካት

ለአምስት ሰው ሁለት ኩባያ ከተቀላቀለው ዱቄት ውሰዱ። በሌላ ዕቃ አንድ በጣም የበሰለ ሙዝ ፈጭታችሁ፣ ሁለት እንቁላል፣ አንድ ኩባያ ተኩል ወተትና አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሩና ምቱት። ልጣጩ ጥቁር ነጠብጣብ የጣለ ሙዝ ከሆነ ስኳር አያስፈልግም። ፈሳሹን ዱቄቱ ላይ ገልብጡና ዱቄቱ እስኪጠፋ ብቻ አማስሉ፤ ትንንሽ ጓል ቢቀር አይጎዳም፣ ብዙ ማማሰል ግን ፓንኬኩን ያደርቀዋል።

አሁን ሊጡን ለዐሥር ደቂቃ ተዉት። ይህን ጊዜ ልጆቹን ለማልበስ ተጠቀሙበት። ጤፉና ፉርሽካው ፈሳሹን እየጠጡ ሊጡ ይወፍራል፤ ከጭልፋ ላይ በዝግታ የማይወርድ ከሆነ ጥቂት ወተት ጨምሩ።

ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም፣ ወይም በዐቢይ ጾም፣ ዱቄቱ ያው ነው። በእያንዳንዱ እንቁላል ፋንታ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ በጥብጣችሁ እስኪያሙለጨልጭ አቆዩት፤ በወተቱ ፋንታ ውሃ ተጠቀሙ። በረመዳን ለሱሁር የሚያዘጋጁ ደግሞ እንቁላሉን ሦስት ቢያደርጉት ቀኑን ለሚጾም ሰው የተሻለ ስንቅ ይሆናል።

መጋገር

መጥበሻውን በመካከለኛ እሳት አግሉ፤ ጠብ ያደረጋችሁት ውሃ እየዘለለ ሲተን ደርሷል። ዘይቱን አታፍስሱ፣ በንጹሕ ጨርቅ ወይም በወረቀት ቀብታችሁ አልፉ። የእጅ መዳፍ የሚያህል አድርጋችሁ አፍስሱ። የቀይ ጤፍ ሊጥ ከመነሻው ጠቆር ስለሚል በቀለሙ አትመዝኑት። እንደ እንጀራ ዓይን አውጥቶ ዓይኑ ሳይደፈን ሲቀር፣ ጠርዙም ብልጭታው ጠፍቶ ሲደርቅ ገልብጡት። ሁለተኛው ፊት አንድ ደቂቃ ይበቃዋል። ከውጭ እየጠቆረ ውስጡ ሊጥ ከሆነ እሳቱን ቀንሱ።

ሲቀርብ

ማር ከስኳር ብዙ አይሻልምና በስሱ ቀቡት። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር በፍጹም አትስጡ። ከማሩ ይልቅ እርጎ፣ ብርቱካን ወይም ዘይቱን (ጓቫ) አጠገቡ አድርጉ፤ በብርቱካኑና በዘይቱኑ ያለው ቫይታሚን ሲ ሰውነት በጤፉና በስንዴው ያለውን ብረት እንዲወስድ ያግዛል። ሻይ ግን ተቃራኒውን ያደርጋል። ልማዳችን መሆኑን አውቃለሁ፣ ቢሆንም ቢያንስ ለልጆቹ ከቁርሱ ጋር አትስጡት፤ ሻዩ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ።

የተረፈው ሲቀዘቅዝ ተሸፍኖ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ቀን ይቆያል። በማግስቱ ያለ ዘይት በጋለ መጥበሻ ሁለቱንም ፊት አሙቁት፤ ለትምህርት ቤት ምሳ ዕቃ ከሆነ ሳይቀዘቅዝ አትክደኑት፣ እንፋሎቱ ያረጥበዋል።