የድሮ ፎቶግራፍን የኑሮ ማስረጃ አድርጎ ስለ መመዝገብ
ከፎቶግራፍ ፈልሳፊዎች አንዱ የሆነው ፈረንሳዊው ሉዊ ዳጌር እ.ኤ.አ. በ1838 ከመስኮት ሆኖ ያነሳው የፓሪስ ጎዳና ባዶ ይመስላል። ምስሉ ለመቀረጽ ደቂቃዎች ይፈጅ ስለነበር አላፊ አግዳሚውና ሠረገላው ሳይታይ ቀርቶ፣ በግልጽ የተቀረጹት ጫማውን ለማስጠረግ የቆመ አንድ ሰውና ሊስትሮው ናቸው። የአንድ አገር ኑሮ እንዴት እንደተለወጠ ከፎቶግራፎች ለመረዳት የሚነሳ ሰው ይህን ምስል ቢያስታውስ መልካም ነው፤ በፎቶግራፍ ላይ ያልታየ ሁሉ አልነበረም ማለት አይደለምና።

ምዝገባው ከፎቶግራፉ ጀርባ ይጀምራል። የስቱዲዮ ማኅተምም ሆነ የእጅ ጽሑፍ ካለ፣ ስሕተቱ እንኳ ሳይታረም እንዳለ ይገልበጥ።

ቀጥሎ ከፊቶቹ ይልቅ ዙሪያቸውን መመርመር ይሻላል፤ ሰዎቹ ለካሜራው ተዘጋጅተዋል፣ ከኋላቸው ያለው ጓዳ ግን አልተዘጋጀም። ራዲዮኑ፣ የመብራት ሽቦው፣ የውኃ መቅጃው፣ የሱቁ ጽሑፍ፣ ሳይታሰብ ጠርዝ ላይ የገባው ሕፃን ጫማ ማድረግ አለማድረጉ አንድ በአንድ ይጻፍ። ዘመኑን ለመገመት የሚረዳው ከሁሉ ዘግይቶ የተሠራው ዕቃ ነው፤ ፎቶግራፉ ከዚያ ዕቃ መፈጠር በፊት ሊነሳ አይችልም። አሮጌ ዕቃ ግን ብዙም አይመሰክርም፤ ሰው ካፖርቱንም ወንበሩንም ለዓመታት ይገለገልበታልና። በስቱዲዮ የተነሳ ከሆነ ልብሱና የእጅ ሰዓቱ የተዋሱት ሊሆን ስለሚችል፣ እኔ እንዲህ ያለውን ምስል የኑሮ ሳይሆን የምኞት ማስረጃ አድርጌ እመዘግባለሁ። ምኞትም ከዘመን ዘመን ስለሚለወጥ፣ ይህ ዋጋውን አይቀንስበትም።

በመግለጫው ውስጥ በዓይን የታየው፣ ባለቤቱ የተናገረውና መዝጋቢው የገመተው ተለያይተው ይስፈሩ። ባለቤቱን «ይህ ማን ነው?» ብቻ ሳይሆን «ፎቶው ከመነሳቱ በፊት ከዚህ ቦታ ምን ዕቃ ዘወር ተደርጎ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ያስገኛል።

በስካን የሚወሰደው ቅጂ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ)፣ ቲፍ (TIFF) በተባለው የምስል ፋይል ዓይነት ቢቀመጥ ይመረጣል፤ ጠርዙ አይቆረጥ። የቀለም ፎቶግራፍ መቅላት ቀለሞቹ እኩል ባለመደብዘዛቸው የመጣ ለውጥ እንጂ የዚያን ዘመን መልክ ስላልሆነ፣ ቢታረምም ያልታረመው ቅጂ አብሮ ይቀመጥ። ከአልበም ገጽ ጋር የተጣበቀው በግድ ከሚላቀቅ እዚያው እንዳለ ስካን ይደረግ። የስልክ ፎቶግራፍ ሲሆን ደግሞ ዋናው ፋይል ይጠየቅ፤ በመልእክት መላኪያ ያለፈው ብዙውን ጊዜ የተነሳበትን ቀን ያጣል።