ደሴ ላይ ያገለገለ ፎር ዊል ስትገዙ ሞተሩ ላይ አትሳሳቱ

የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ ፎር ዊሎች ተፈላጊ ሆነዋል። ላንድክሩዘር፣ ፕራዶ፣ ፓጄሮ፣ ፓትሮል፣ ቪታራ፤ ሃያና ሠላሳ ዓመት የሠሩት ሳይቀሩ ቀለም ተቀብተው ገበያ ይወጣሉ። ሻጩ «አብሽር፣ ሞተሯ ሰዓት ናት» ይላል። ገዢው ፒያሳን አንዴ ዞር ዞር ብሎ ቀብድ ይከፍላል። ብዙ ሰው ለዓመታት ያጠራቀመውን ገንዘብ በዚህች አጭር ዙር አምኖ ይሰጣል። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። ከታች ያሉት ርዕሶች ሰው ብዙ ጊዜ የሚሠራቸው ስህተቶች ናቸው።

የሞቀ ሞተር ማየት

ስትደርሱ ሞተሩ ተነስቶ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። ማልዳችሁ ሂዱና ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩ። ቀዝቃዛ መሆን አለበት። የደሴ የጠዋት ብርድ የደከመ ሞተርን ያጋልጣል።

ከማስነሳታችሁ በፊት የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ። ጣታችሁን አስገቡና አንገቱን ከውስጥ ዳብሱት። ቡናማ ዝገት ይዞ ከወጣ ባለቤቱ ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ሲሞላ ኖሯል። ውሃው ላይ የሚያብለጨልጭ የዘይት ሽፋን ካለ ነገሩ ከባድ ነው። ከዚያ አስነሱት። ውሃው ያለማቋረጥ አረፋ ከደፈቀ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በመሃል ያለው ማሸጊያ፣ ሳይበላ አልቀረም፤ ያን መኪና ተዉት።

ጭሱንም እዩ። የናፍጣ ሞተር በብርድ ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ነጭ ጭስ ቢተፋ አያስደነግጥም። ከሞቀ በኋላም ካላቆመና ሽታው ጣፈጥ ካለ ግን ኩላንት (የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ሲሊንደር ውስጥ እየገባ ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ ነው ማለት ነው፤ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቆ ከሆነ ሞተር ማውረድ ይመጣል። ጥቁር ጭስ ከሁሉም ይቀላል። ብዙ ጊዜ የአየር ፊልትሮ ወይም ነዳጅ የሚረጨው ኢንጀክተር ነው።

ሐረጎን ሳይወጡ መግዛት

እኔን ከጠየቃችሁኝ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው የሐረጎ ዳገት በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። የትም ብትሄዱ ከዚህ የተሻለ የሞተር መፈተሻ አታገኙም፤ እኛ ደግሞ ደጃችን ላይ አለ።

ኮምቦልቻ ድረስ ውረዱ። ከዚያ ሰው ጭናችሁ ሐረጎን ውጡ። ዓይናችሁ ከሙቀት መለኪያው አይነሳ። መርፌው አንድ ቦታ ላይ ረግቶ መቆም አለበት። ዳገት ላይ እያሻቀበ ሜዳ ላይ የሚመለስ ከሆነ ራዲያተሩ ተደፍኗል፣ የውሃ ፓምፑ ደክሟል፣ ወይም ፋኑ በደንብ አይስብም።

ከፍታው የራሱ ጣጣ አለው። ደሴ ላይ ተራ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሞተር ደግሞ የሚሠራው ከዚያ ብዙም በማይርቅ ሙቀት ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው በራዲያተሩ ክዳን የታፈነው ግፊት ነው። ጤነኛ ክዳን ደሴ ላይም መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ግን ግፊቱን ይለቀዋል፤ ሞተሩ ምንም ሳይሆን ውሃው ይንተከተካል። ክዳን ርካሽ ዕቃ ነው። መኪናውን እንደገዛችሁ ቀይሩት።

አቅም ላይ ግን ፍርደ ገምድል አትሁኑ። አየሩ እዚህ ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ ዕቃ) የሌለው የላንድክሩዘር ዋን ኤች ዜድ ሞተር ዳገት ላይ ቢከብደው ታመመ ማለት አይደለም። ቱርቦ ያለው ከሆነ ዳገቱን ጨርሳችሁ ስትቆሙ ወዲያው አታጥፉት፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ይተንፍስ። ስትወርዱ ደግሞ ነዳጅ ለመቆጠብ ብላችሁ ፎሌ አታድርጉ፤ ማለትም ማርሽ አውጥታችሁ አትንዱ። ማርሽ ያዙ።

ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል

ቴርሞስታት ሞተሩ ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ራዲያተር የሚለቅ ቫልቭ ነው። መኪና ሞቀ ሲባል «ቴርሞስታቱን አውጣውና ተገላገል» የሚል ምክር ሞልቷል። ይህ ምክር ያናድደኛል፤ ብዙ ሞተር አበላሽቷል። በብዙ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲከፈት በራዲያተሩ ሳያልፍ የሚዞረውን አቋራጭ መስመርም ይዘጋል። ሲወጣ ከፊሉ ውሃ ሳይቀዘቅዝ ተመልሶ ሞተር ይገባል። ሜዳ ላይ ሞተሩ ከሚገባው በላይ ቀዝቅዞ ነዳጅ ይበላል፤ ዳገት ላይ ደግሞ ይባስ ይሞቃል። ስለዚህ ሻጩን «ቴርሞስታት አለው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የለውም ካላችሁ ለምን እንደወጣ አጥብቃችሁ ጠይቁ።

«እስከ ጋራዥ ትድረስ» ማለት

መርፌው ቀዩን ከነካ ዳር ያዙና አጥፉ። ክዳኑን በሙቁ አትክፈቱ፤ ፊት ያቃጥላል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉ፤ ቴስታታ ይሰነጥቃል። በተለይ የፕራዶው ዋን ኬ ዜድ ሞተር ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፤ ከሞቀ በመሰንጠቅ ይታወቃል። ጥቂት ኪሎ ሜትር ልግፋ ያለ ሰው በራዲያተር እጥበት ሊያልፍ የነበረውን ወደ ሙሉ ቴስታታ ግዢ ያሳድገዋል።

ታይሚንግ ቤልትን በወሬ ማመን

ታይሚንግ ቤልት የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ የሚያቀናጅ ቀበቶ ነው፤ አንዳንድ ሞተር በምትኩ ሰንሰለት አለው። ሞተሩ በቤልት ነው በሰንሰለት? አስቀድማችሁ እወቁ። ፓጄሮ ሁለቱም አለው፤ ፎር ዲ ፊፍቲ ሲክስ የሚባለው ሞተር በቤልት፣ ፎር ኤም ፎርቲ የሚባለው በሰንሰለት። ቤልት ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። በቤልት የሚሠሩ ብዙ የቶዮታ ናፍጣዎች ዳሽቦርድ ላይ የቤልት መቀየሪያ መብራት አላቸው፤ ግን ቤልቱ ሳይቀየርም መብራቱን ማጥፋት ይቻላል። ደረሰኝ ካልታየ እንዳልተቀየረ ቁጠሩትና ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።

በጅምላ ሂሳብ መስማማት

መኪናው ጥገና ካስፈለገውና መካኒኩ «ሁሉንም በዚህ እጨርስልሃለሁ» ካለ እሺ አትበሉ። ቴስታታ ሲወርድ ሂሳቡ ብዙ ነው፤ የጓርኒሲዮን ሙሉ ኪት፣ ቶርኖ ቤት (የብረት ሥራ ቤት) ማስላጫ፣ የስንጥቅ ምርመራ፣ ብሎን፣ ዘይትና ኩላንት፣ የእጅ ዋጋ። እያንዳንዱን ለየብቻ አስጽፉ። የስንጥቅ ምርመራውን ለመቆጠብ ብሎ የሚዘል ሰው ብዙ ጊዜ ያው ሥራ ሁለቴ ያስከፍለዋል። ብሩ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ተለውጧል፤ ዘመድ ያኔ የከፈለውን ይዛችሁ አትከራከሩ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ካለ ሰው ጋር ደውላችሁ የዕለቱን ዋጋ አወዳድሩ።

ያገለገለ ሙሉ ሞተር መግጠም አንዳንዴ ከእድሳት ይረክሳል። ግን የሞተር ቁጥሩ ሊብሬ ላይ ተጽፏል። ልትገዙት ያሰባችሁት መኪና ሞተሩ ተቀይሮ ካልተመዘገበ ስም ማዛወሩም ዓመታዊ ምርመራውም ላይ ትያዛላችሁ። ቁጥሩን ሞተሩ አካል ላይ በጨርቅ ጠርጉና ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። ካልገጠመ ሻጩ ራሱ አስተካክሎ እስኪመጣ ቀብድ አትክፈሉ።