የሞቱትን ብቻ አትቁጠሩ፦ ሃርድ ዲስክ ስታወዳድሩ የምትሳሳቱት

ባለፈው ሳምንት አንድ የሰርግ ቪዲዮ የሚሠራ ልጅ ባሕር ዳር ግሽ ዓባይ አካባቢ ካለችው ሱቄ መጣ። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኩን በፌስታል ጠቅልሎ ይዟል። ስሰካው ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አለና ዝም። «ጋሼ፣ ሁለተኛ የዚህን ፋብሪካ ዕቃ አልገዛም» አለኝ። ምን ሆኖ ነው ብዬ ሳፋጥጠው፣ ለካ ከባጃጅ ሲወርድ ከእጁ አምልጦት ኖሯል።

የወደቀ ዲስክ የማንም ይሁን የማን ሊሞት ይችላል። ውስጡ መረጃውን የሚያነበው ጭንቅላት ከሚሽከረከረው ሳህን በላይ የሚንሳፈፍበት ክፍተት ከፀጉር ውፍረት በብዙ ሺህ እጥፍ ያነሰ ነው። ይኼን በፋብሪካ አታሳብቡ።

ዋናው ስህተት ግን የሞቱትን ብቻ መቁጠር ነው። እኔም ሠርቼዋለሁ፣ ለዚያውም ሁለት ዓመት ሙሉ። ደብተር ነበረኝ። የተበላሸ ዲስክ በመጣ ቁጥር በፋብሪካው ስም ሥር አንድ ጭረት። ሲደመር የአንዱ ፋብሪካ ጭረት የሌሎቹ ሁሉ ድምር እጥፍ ሆኖ አረፈው። በቃ፣ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ «እሱን እንዳትነኩ!» እል ጀመር። አንድ ቀን ዕቃ የሚያስመጣልን ሰው ደብተሩን አይቶ ሳቀብኝ። «ከማስገባው አሥር ዲስክ ሰባቱ የእሱ ነው፤ ታዲያ ማን ይሙት?»

ሒሳቡን ሠራሁት። ከሚሸጠው 70 በመቶ የእሱ ነው፣ ከሞቱት ደግሞ 67 በመቶ ገደማ። ያ ስሙን ሳጠፋ የከረምኩት ዲስክ ከሌሎቹ ትንሽ እንኳ ይሻል ነበር! ጤነኛው ዲስክ እኔ ጋ ምን ሊሠራ ይመጣል? ሐኪም ቤት በር ላይ ቆሞ «አገሩ ሁሉ ታሟል» እንደማለት ነው። ደብተሩን ቀደድኩት።

ትክክለኛው አቆጣጠር ስንት ዲስክ ለስንት ቀን ሠራ ብሎ ይጀምራል። 1,000 ዲስክ ለሦስት ወር ሠርቶ 4 ቢሞቱ፣ ሲደመር 250 ዲስክ ዓመት ሙሉ እንደሠራ ነው፤ ስለዚህ በዓመት 1.6 በመቶ እንጂ 0.4 አይደለም። ባክብሌዝ የሚባለው የአሜሪካ የመረጃ ማከማቻ ድርጅት ከ2013 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ) ጀምሮ የራሱን ዲስኮች እንዲህ እየቆጠረ ውጤቱን ለሕዝብ ይለቃል።

ግን እሱንም በፋብሪካ ስም አታንብቡት፤ በሞዴል አንብቡት። የሲጌት ኤስቲ 3000 ዲኤም 001፣ ባለ 3 ቴራባይቱ፣ እዚያ በገፍ ነው የሞተው፤ በ2016 አሜሪካ ውስጥ ክስ ሁሉ ቀርቦበታል። የዚያው የሲጌት ባለ 4 ቴራባይት ግን እዚያው ቤት በጣም ተሽሎ ተገኘ። የአይቢኤምን ደግሞ ስሙት። በ2000 ገደማ የወጣው ዴስክስታር 75 ጂኤክስፒ በብልሽት ስሙ ጠፍቶ ነበር። የዲስክ ሥራውን ሂታቺ ወሰደው፤ ከዓመታት በኋላ የሂታቺ ዲስኮች በባክብሌዝ ሠንጠረዥ ከምርጦቹ ሆኑ። በ2012 ደግሞ ዌስተርን ዲጂታል ጠቀለለው። ዛሬ የሚሽከረከር ዲስክ የሚሠሩት ሲጌት፣ ዌስተርን ዲጂታልና ቶሺባ ብቻ ናቸው።

ሃምሳ ዲስክ ብቻ ባለው ሞዴል ላይ ፍርድ አትስጡ። አንድ ሲሞት ቁጥሩ ይዘላል።

የፋብሪካው መግለጫ «ሳይበላሽ በአማካይ 1,000,000 ሰዓት» ይላል ብሎ የሚከራከረኝም አለ። 114 ዓመት መሆኑ ነው! እንደዚያ ማለት ሳይሆን፣ ብዙ ዲስክ አብሮ ሲሠራ በዓመት ከመቶው አንድ ገደማ ይሞታል ማለት ነው። በ2007 የአሜሪካው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲያዩት በተግባር በዓመት የሚቀየረው ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 በመቶ ሆኖ አግኝተውታል።

ደግሞ የባክብሌዝ ዲስክ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ፣ መብራት ሳይቋረጥበት የሚሠራ ትልቁ ዓይነት ነው። የናንተ ትንሹ ነው፤ ቦርሳ ውስጥ ይንገላታል፣ ኮፒ እያደረገ መብራት ይሄድበታል፣ ቅዳሜ ዘጌ ለሰርግ በጀልባ ይሻገራል። ሠንጠረዡ ሞዴል ለማወዳደር ነው እንጂ የናንተን ዲስክ ዕድሜ አይነግራችሁም።

«የዲስክ ጤና የሚያየው ሶፍትዌር ጤናው 100 ፐርሰንት ነው ይላል» ትሉኛላችሁ። ጎግል በ2007 ከ100,000 በላይ ዲስኮች አጥንቶ፣ ከሞቱት ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ምንም የስህተት ምልክት ሳያሳዩ መሞታቸውን ጽፏል። ጥሩ ነው ሲላችሁ አትመኑት። መጥፎ ነው ሲላችሁ ግን እመኑት፤ ቡናችሁን አስቀምጣችሁ ኮፒ ጀምሩ።

አዲስ ነው ተብሎ የተሸጠላችሁን ስንት ሰዓት እንደሠራ ሳታዩ ከሱቅ አትውጡ። 9,000 ሰዓት የሠራ «አዲስ» በእጄ ይዤ አውቃለሁ።

ልጁ በመጨረሻ «እሺ፣ የቱን ልግዛ?» አለኝ። ከሁለት ፋብሪካ ሁለት አልኩት፤ ከአንድ ካርቶን የወጡ መንትዮች አንድ ዓይነት ጉድለት ካላቸው ተከታትለው ነው የሚሞቱት። አንዱን ስቱዲዮው፣ ሌላውን ሽምብጥ እናቱ ቤት አስቀምጧል። የወደቀው እንደሆነ አልተነሳም። ሙሽራዋ እስከ ትናንት ድረስ ስትደውልለት ነበር።