የኪሳራ ጠበቃ ከመያዛችሁ በፊት ችሎት ግቡ

ዕዳችሁ ከአቅም በላይ ሆኖ በኪሳራ ሕግ የሚረዳችሁ ጠበቃ ስትፈልጉ፣ ማን ጎበዝ እንደሆነ ማስታወቂያ አይነግራችሁም። የኪሳራ ጉዳዮች ወደሚታዩበት ፍርድ ቤት ሂዱና አንድ ጠዋት ችሎት ተቀመጡ። በአብዛኞቹ አገሮች ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ባለጉዳይ መሆን አያስፈልግም። መዝገቡን ሳያነብ የመጣ ጠበቃ ወዲያው ይታወቃል። ዳኛው ስለ ደንበኛው ዕዳ፣ ገቢና ንብረት ሲጠይቁት ሳያመነታ የሚመልሰውን ስሙን ያዙ። ከችሎት ሲወጣ ደንበኛውን እንዴት እንደሚያነጋግርም አስተውሉ። እኔ ለዚህ ከክርክሩ ያላነሰ ቦታ እሰጠዋለሁ፤ በዕዳ የተጨነቀ ሰው የሚያዳምጠው ጠበቃ ያስፈልገዋልና።

ቢሮው ስትሄዱ አበዳሪዎቻችሁን፣ የእያንዳንዱን ቀሪ ዕዳና ወለድ፣ በመያዣ የተሰጠውን ንብረትና ዋሶቻችሁን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ያዙ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ከኪሳራ ሌላ ምን አማራጭ አለኝ?» ይሁን። ወረቀቱን ሳያይ ወደ ኪሳራ የሚገፋፋችሁን ተዉት። ዕዳው በሙሉ ይሰረዛል ብሎ ቃል የሚገባውንም እንዲሁ፤ እንደ ልጅ ቀለብ ያሉ ግዴታዎች በብዙ አገሮች በኪሳራ አይሰረዙም። ንብረታችሁን በዘመድ ስም አዙሩ የሚል ከገጠማችሁ ደግሞ ፈጥናችሁ ራቁ። ፍርድ ቤት ዝውውሩን ሊሽረው፣ እናንተንም በማጭበርበር ሊያስጠይቃችሁ ይችላል።

መጥሪያ ደርሷችሁ የመልስ መስጫው ቀን ከተቃረበ ወይም ንብረታችሁ ለሐራጅ ከወጣ ግን ችሎት ለመታዘብ ጊዜ የላችሁም፤ በሙያው የሚሠራ ያገኛችሁትን ጠበቃ ዛሬውኑ አማክሩ።