የለውዝ አለርጂን እንዴት መለየትና መቆጣጠር ይቻላል?

ልጅ በልቶ ብዙም ሳይቆይ ፊቱ ካበጠ፣ ጎጃም ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚቀድመው ግምት «ምች ነው» የሚል ነው። ዳማከሴ ይታሽለታል። ከማዕድ ሳይነሳ ከወደቀ ደግሞ «ሰው በላው» ይባላል። እንዲህ የሚሉት ልጁን ስለሚወዱት ነው። ግን የምግብ አለርጂ ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «አሁን ምን በላ?»

ምልክቱን ለዩ

ለውዝ (ኦቾሎኒ የምትሉትም ያው ነው) የማይስማማው ሰው ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ቢዘገይ በ2 ሰዓት ውስጥ ምልክት ያሳያል። ቆዳው ሳማ የነካው ይመስል አብጦ ያሳክከዋል። ከንፈሩና የዓይኑ ቆብ ያብጣል። ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ያስመልሰዋል።

አደገኛው ሌላ ነው። ትንፋሹ ሲር ሲር ካለ፣ ድምፁ ከጎረነነ፣ ጉሮሮው ከታነቀ፣ ከፈዘዘ ወይም ራሱን ከሳተ ሕይወቱ አደጋ ላይ ናት። ይህ ሁሉ ቆዳው ላይ ምንም ሳይወጣ ሊመጣ ይችላል። «ሽፍታ የለውም» ብላችሁ አትዘናጉ።

አለርጂ በራሱ ትኩሳት አያመጣም። ምግቡን ተከትሎ ይመጣል፣ ያንኑ ምግብ ሲበላም ይመለሳል።

ጻፉና ወደ ሐኪም ሂዱ

ምን እንደበላ፣ ምን ያህል እንደበላ፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደጀመረው ጻፉ። እብጠቱን በስልክ ፎቶ አንሱት። ለሐኪሙ ይህ ትልቅ ማስረጃ ነው። የቆዳና የደም ምርመራ በየጤና ጣቢያው ስለማይገኝ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሪፈር ጠይቁ። «እስቲ ትንሽ እንሞክረው» ብላችሁ ቤት ውስጥ እንዳታበሉት።

ለውዝ የት የት እንዳለ እወቁ

መናኸሪያ የሚሸጠው ቆሎ ውስጥ ለውዝ ይቀላቀላል። ለቅሞ ማውጣት አይበቃም፤ ብናኙ ገብሱ ላይ ይቀራል። መቁላትም አለርጂውን አያጠፋውም። በጾም ወቅት የለውዝ ቅቤና ለውዝ ሻይ ይበዛሉ፤ የጾም ኬክና ብስኩት ሲገዛም መጠየቅ ነው። ጁስ ቤት ደግሞ ያው ብሌንደር ለውዝ ፈጭቶበት ሊሆን ይችላል። ቤት ውስጥ መቁያውን፣ ሙቀጫውንና የሕፃናት ገንፎ ምጥን ዱቄትን አስቡ። ምጥኑ ላይ ብዙ እናቶች ለውዝ ይጨምራሉ።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ምግብ ላነሳቸው ሕፃናት የሚታደለው ፕላምፒ ነት ዋናው ነገሩ ለውዝ ነው። ልጃችሁ አለርጂ ካለበት ለጤና ባለሙያው ሳትነግሩ አትቀበሉ።

ለውዝ የነካ እጅ በውሃና በሳሙና ይታጠብ። ሳኒታይዘር ጀርም ይገድላል እንጂ ለውዙን ከእጅ አያስለቅቅም።

ለሰው ንገሩ

ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ጉርሻው ነው። ሰንበቴ ላይ፣ ልደት ላይ፣ ጎረቤት ቤት «አፈር ስሆን!» ተብሎ የቀረበን ጉርሻ መመለስ ያስጨንቃል። ቢሆንም ከይሉኝታ ልጅ ይበልጣል። አስቀድማችሁ ተናገሩ፦ «እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ። ይህን ልጅ ግን ለውዝ ያፍነዋልና ሳይጠይቁኝ ምንም እንዳያጎርሱልኝ።» ሰው ምክንያቱን ሲያውቅ አይቀየምም፤ እንዲያውም አብሮ ይጠብቃል። ልጁም ራሱ «ለውዝ ያመኛል» ማለት ይልመድ። ትምህርት ቤት ልጆች ምሳ ዕቃ ስለሚካፈሉ መምህሩ ይወቅ።

ከያዘው ምን ታደርጋላችሁ?

ሕይወት የሚያተርፈው መድኃኒት አድሬናሊን ነው። የሚወጋው የጭን ጡንቻ ላይ፣ በውጪው ጎን ነው። ካልተሻለው ከ5 ደቂቃ በኋላ ሊደገም ይችላል። ሐኪም መርፌውን ሰጥቷችሁ አጠቃቀሙን ካሳያችሁ ሳትጠራጠሩ ወዲያው ውጉ። መርፌው ቢኖራችሁም ባይኖራችሁም 907 ደውላችሁ አምቡላንስ ጥሩ፤ ከዘገየ ባጃጅም ቢሆን ይዛችሁ ሩጡ።

በሽተኛውን አታስነሱት፣ አታስሄዱት። በጀርባው አስተኝታችሁ እግሩን ከፍ አድርጉለት። ትንፋሽ ካጠረው ይቀመጥ፤ ራሱን ከሳተ በጎኑ ይተኛ። መኪና በማይገባበት ገጠር አባቶቻችን በሽተኛ የሚያጓጉዙበት ቃሬዛ እዚህ ላይ ትክክለኛ ነው፤ አዝሎ መሮጥ ግን ያስጋል። ወተት አታጠጡት፣ እንዲያስመልስም አታስገድዱት። ሴትሪዚን የሚባለው የአለርጂ ኪኒን ማሳከኩን ያስታግሳል እንጂ የታፈነ ጉሮሮ አይከፍትም። ፀበሉና ጸሎቱ ከመርፌው በኋላ ይደርሳሉ።

ጤና ጣቢያ ስትደርሱ የመጀመሪያው ቃላችሁ «ለውዝ በልቶ ነው» ይሁን። ሲሻለው ቶሎ ወደ ቤት አትመለሱ፤ ከሰዓታት በኋላ ሊያገረሽ ይችላል። ደግሞም ዛሬውኑ፣ ማንም ሳይታመም፣ በአቅራቢያችሁ ያለው ጤና ጣቢያ አድሬናሊን እንዳለው ሄዳችሁ ጠይቁ።

ሕፃን ላላችሁ

ፈርታችሁ ለውዝን ከሁሉም ሕፃን አታርቁ። እንግሊዝ አገር ተደርጎ በ2015 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ጥናት፣ ለአለርጂ ቅርብ የሆኑ ሕፃናት ከ4 እስከ 11 ወር ዕድሜያቸው ጀምረው ለውዝ ሲመገቡ አለርጂው እጅግ እንደቀነሰላቸው አሳይቷል። ከባድ የቆዳ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለበት ሕፃን ግን መጀመሪያ ሐኪም ይየው። የሚሰጠውም በገንፎ የቀጠነ ለውዝ ነው፤ ፍሬው እንዳለ ትንሽ ልጅን ያንቃል። አለርጂው ካለባቸው ልጆች ከ5 አንዱ ያህል ሲያድጉ ይተዋቸዋል። ተወው አልተወው የሚረጋገጠው ግን ሆስፒታል ውስጥ፣ ሐኪም ፊት ብቻ ነው።