ከኮምፒውተሩ በፊት ክርንዎን ይለኩ፦ ቤት ውስጥ የሥራ ቦታ ስናዘጋጅ የምንሠራቸው ስህተቶች

ደሴ ላይ ከኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ እንጀራዬን መብላት ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ እተይብ ነበር፤ አሁን ቤቴ ሆኜ የመጽሐፍ ገጽ አሰናዳለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ኮምፒውተር ሊገዛ ሲል "እስኪ አብረን እንሂድ" ያለኝ ሰው ብዙ ነው። የሚጠይቁኝ ስለ ራም፣ ስለ ፕሮሰሰርና ስለ ዋጋ ነው። ስለ ጠረጴዛው ቁመት፣ ሶኬቱ ስለተሳበበት ሽቦ ወይም ስለ መስኮቱ የጠየቀኝ አንድም ሰው አላስታውስም። ብሩ ሁሉ ማሽኑ ላይ ያልቅና ማሽኑ ምግብ ጠረጴዛ ላይ ወይም አልጋ ላይ ያርፋል። ከስድስት ወር በኋላ ደውለው የሚነግሩኝ ግን የአንገታቸውን ሕመም፣ የዓይናቸውን መድረቅና የተቃጠለውን ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ክፍል) ነው። በእኔ እምነት ከመቶ ብር ውስጥ ሃያው ለመቀመጫና ለመብራት ተቆርጦ መቀመጥ ያለበት ገና ሱቅ ሳይገባ ነው።

ጠረጴዛ ቁመቱን ሳይለኩ ማሠራት

እንጨት ቤት ሄደው "የኮምፒውተር ጠረጴዛ ሥሩልኝ" ብቻ ካሉ፣ ብዙ ጊዜ ከ75 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ጠረጴዛ ይረከባሉ። ይህ ልክ ለረጅም ሰው ወይም ቆሞ ዕቃ ለሚያስቀምጥ ይስማማል። ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ለሚተይብ መካከለኛ ቁመት ላለው ሰው ግን ከፍተኛ ነው።

እኔም የመጀመሪያ ጠረጴዛዬን ሳሠራ ልክ አልነገርኩም። ዋንዛ ነበር፣ አምሮ መጣ፤ ቁመቱ 78 ሳንቲ። ሁለት ዓመት ያህል ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ተሰቅሎ ስተይብ ኖርኩ። ማታ ማታ ትከሻዬ መሐል ድንጋይ የተቀመጠ ይመስለኝ ነበር። ብርዱ ነው እያልኩ ጋቢ እደርባለሁ፤ ደሴ ላይ ሕመም ሁሉ በብርድ ይሳበባል። በመጨረሻ አናጺውን ቤቴ ድረስ ጠራሁት። ወንበሬ ላይ አስቀመጠኝ። ሁለቱም እግሮቼ ወለሉን በሙሉ ረገጡ፤ ክንዴን ከጎኔ ለቀቅ አድርጌ ክርኔን አጠፍኩ። ሜትሩን ከወለሉ እስከ ክርኔ ዘረጋውና "65" አለ። ከዚያ ጠረጴዛውን ለካ። "ጋሼ፣ 13 ሳንቲ ትርፍ ነው። እግሩን ልቁረጠው?" ግቢ አውጥቶ አራቱንም እግር ቆረጠው። በሦስተኛው ሳምንት ሕመሙ እንደቀለለኝ አስታውሳለሁ።

ልኩ እንግዲህ ይኸው ነው፦ ተቀምጠው፣ እግርዎ ወለል ነክቶ፣ ክርንዎ ያለበት ከፍታ የጠረጴዛው ከፍታ ነው። ለአናጺው ሌላም አንድ ነገር ይንገሩት። መሐል ላይ መሳቢያ አይግባበት፤ ጠረጴዛው ዝቅ ሲል መሳቢያው ጭንዎን ይመታል። መሳቢያ ከፈለጉ በጎን ይሁን።

ጠረጴዛው የማይቆረጥ ከሆነ፣ የአከራይ ወይም የመሥሪያ ቤት ንብረት ሊሆን ይችላልና፣ ወንበሩን ከፍ ያድርጉና ከእግርዎ ሥር ዝቅ ያለ በርጩማ ያስገቡ። እግር ተንጠልጥሎ ከዋለ ጭን ይደነዝዛል። ወንበሩ መደገፊያው ጎድጎድ ያለ የፕላስቲክ ወንበር ከሆነ ደግሞ አንድ ፎጣ ጠቅልለው ከቀበቶዎ ከፍ ብሎ ወገብዎ የሚጎብጥበት ቦታ ላይ ያድርጉት። በብዙ ሺህ ብር የሚሸጠው የቢሮ ወንበር ጥሩ ነው፤ ለመነሻ ግን ግዴታ አይደለም።

ላፕቶፕን እንዳለ አንጋጦ ወይም አጎንብሶ መጠቀም

ላፕቶፕ ለጉዞ የተሠራ ዕቃ ነው። ስክሪኑና ኪቦርዱ የተጣበቁ ስለሆኑ አንዱን ለሰውነትዎ ሲያስተካክሉ ሌላው ይበላሻል። ለእጅ ሲመች አንገት ይጎነበሳል፤ ለአንገት ሲመች ክንድ ይሰቀላል። መፍትሔው ከላፕቶፑ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይንዎ ትይዩ ወይም ትንሽ ዝቅ እስኪል ድረስ ላፕቶፑን በወፍራም መጻሕፍት ወይም በእንጨት ሳጥን ከፍ ያድርጉት፤ የሚተይቡበትን ኪቦርድና ማውዝ ለብቻ ይግዙ። ርቀቱ አንድ ክንድ ዘርግተው ስክሪኑን በጣትዎ ጫፍ የሚነኩበት ያህል ይሁን፤ ከ50 እስከ 70 ሳንቲ መሆኑ ነው።

በአማርኛ የምንጽፍ ሰዎች ደግሞ ይህ ነገር ይበልጥ ይመለከተናል። በተለመደው የአጻጻፍ ዘዴ አብዛኛው ፊደላችን ሁለት ጊዜ መምታት ይፈልጋል፤ "ሰ" ለማለት ሁለት፣ "ስ" ለማለት አንድ። ሃያ ገጽ አማርኛ የተየበ ሰው ጣቶቹና አንጓው ስንት ሺህ ጊዜ እንደተንቀሳቀሱ ያስቡት። አንጓው በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ተጫጭኖ ወይም ወደ ላይ ተቀልብሶ ከሆነ ዋጋው ቆይቶ ይመጣል። ፊደላችን ጭረቱም የበዛ ነው፤ "ጨ"ና "ጬ"ን ለመለየት ወደ ስክሪኑ የሚጠጋ ሰው የፊደሉን መጠን አሳንሷል ማለት ነው። ገጹን 130 በመቶ ያድርጉት፤ ሲታተም አይቀየርም።

ኮምፒውተሩንና ምጣዱን ባንድ ሽቦ ማሠራት

ይሄን ስህተት ያወቅኩት በአከራዬ ቤት ነው። ቅዳሜ ጠዋት በመጣ ቁጥር ዩፒኤሴ (መብራት ሲጠፋ ወይም ሲወርድ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆየው ሳጥን) "ጢጥ ጢጥ" እያለ ይጮሃል። መብራት አልጠፋም፤ አምፑሉ በርቷል፣ ደመቅ ፈዘዝ ይላል እንጂ። ተበላሽቷል ብዬ ለጥገና ወሰድኩት፤ ምንም አልተገኘበትም። አንድ ቅዳሜ ሲጮህ ተነስቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ። እንጀራው ሸቷል።

"እትዬ፣ እየጋገሩ ነው እንዴ?"

"አዎን ልጄ፣ ግባና ትኩሱን ቅመስ እንጂ!"

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይስባል። 3,500 ዋት የሆነውን ብንወስድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ገደማ ነው። ያ ሁሉ ኃይል በቀጭን ሽቦ ሲሄድ በዚያው መስመር ላይ ላለው ሁሉ ቮልቴጁ ይወርዳል። ምጣዱ ሲጠፋ ደግሞ ባንዴ ይወጣል። ዩፒኤሱ በትክክል ሥራውን እየሠራ ነበር። ኤሌክትሪሻን ጠርተን ከቆጣሪው ለእኔ ክፍል የራሱ ብሬከር ያለው ሽቦ አስሳብን፤ ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ሰላም ነው። ይህን ማድረግ ካልቻሉ ቢያንስ ከአከራይዎ ጋር ተነጋግረው የመጋገሪያውን ሰዓት ይወቁ። ከሁሉም በላይ ግን ምጣድም ሆነ ስቶቭ በኮምፒውተሩ ማከፋፈያ ላይ አይሰኩ፤ ቀጫጭኑ ማከፋፈያ ቀልጦ እሳት ያስነሳል።

ዩፒኤስ ስንገዛም የምንሳሳተው አለ። ላዩ ላይ 650 ቪኤ የሚል ጽሑፍ 650 ዋት ማለት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ከ400 ዋት በታች ነው። የተሠራው ፋይልዎን አስቀምጠው በሥርዓቱ ለማጥፋት የሚሆን ጥቂት ደቂቃ እንዲሰጥ ነው። ሌዘር ፕሪንተር በጭራሽ አይሰኩበት፤ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ዩፒኤሱን ይጥለዋል። ባትሪው በሦስት ዓመት ገደማ ይደክማል፤ ለብቻው ስለሚቀየር ዩፒኤሱን አይጣሉ። ላፕቶፕ ያለው ሰው የራሱ ባትሪ ስላለው ዩፒኤሱን ለዋይፋዩ ቢያውለው ይሻላል። ዋይፋዩ የሚበላው ጥቂት ስለሆነ መብራት ሄዶም ለረጅም ጊዜ ይሠራል።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ዕቃውን ከሶኬት ይንቀሉ። ብዙ ዕቃ የሚቃጠለው መብራት በሚመለስባት ቅጽበት ነው። ተረጋግቶ እስኪቆም አምስት ደቂቃ ይታገሱ። በክረምት መብረቅ ሲጀምር የኢንተርኔቱንም ገመድ ይንቀሉ፤ መብረቅ በእሱም ይገባል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከውጭ የመጣ አሮጌ ዴስክቶፕ ከገዙ ከኋላው የመብራት ገመድ የሚሰካበት አጠገብ ትንሽ ቀይ ማዞሪያ ካለ ይመልከቱ። 115 ላይ ከሆነ ወደ 230 ያዙሩት። እንዳለ ከሰኩት ፓወር ሰፕላዩ ይፈነዳል።

"ይነዝረኛል" እያሉ መቀጠል

የላፕቶፑ ብረት ወይም የዴስክቶፑ ሳጥን ሲነካ የሚነዝር ከሆነ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ሶኬቱ ግራውንድ (ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ) የሌለው መሆኑ ነው። ባለ ሦስት ጫፍ ቻርጀርን በማይገጥም ማገናኛ ሁለት ጫፍ አድርጎ መሰካትም ያው ነው። ሰው ይለምደዋል። እባክዎ አይልመዱት፤ ለልጅ እጅም ለማሽኑም አደጋ ነው። ኤሌክትሪሻን ጠርቶ ግራውንድ ማስቀበር የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ከመስኮት ፊት ለፊት ወይም ጀርባ ሰጥቶ መቀመጥ

መስኮት ከስክሪኑ ጀርባ ከሆነ ዓይንዎ ቀኑን ሙሉ ከብርሃኑ ጋር ይታገላል። ከእርስዎ ጀርባ ከሆነ ስክሪኑ ላይ ያንጸባርቃል። መስኮቱ በጎን ይሁን። ማታ ደግሞ የክፍሉን መብራት አጥፍቶ በስክሪን ብርሃን ብቻ መሥራት ይቅር።

ስክሪን ስናይ ዓይናችንን የምናርገበግበው ቀንሰን ነው፤ ዓይን የሚደርቀውም ለዚህ ነው። የዓይን ሐኪሞች የሚመክሩት ቀላል ነገር ነው፦ በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ቢያንስ 6 ሜትር የሚርቅ ነገር መመልከት። ለደሴ ሰው ይህ ከባድ አይደለም። ጉም ካልሸፈነው የጦሳ ተራራ አለልን። እኔ ጠረጴዛዬን ያስቀመጥኩት አንገቴን ወደ ግራ ሳዞር ጦሳን በማይበት ቦታ ነው።

አየሩን መርሳት፣ ቡናውን ማቅረብ

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ፋኑ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ብርዱ ያካክሰዋል፤ ነገር ግን ላፕቶፑን ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጠው የአየር ማስገቢያውን ከደፈኑት ብርዱም አያድነውም። ኮምቦልቻ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ብላ ሞቃት ስለሆነች እዚያ ለሚሠራ ሰው ነገሩ ይብሳል።

ወሎ ውስጥ ቤት ያለ ቡና አይታሰብም፤ እኔም እንዲታሰብ አልፈልግም። ግን ከሰሉና ዕጣኑ የሚጨሰው ኮምፒውተሩ ባለበት ክፍል ከሆነ ጭሱ ከአቧራው ጋር ተለውሶ ፋኑ ላይ ይጣበቃል። ባለፈው ዓመት የአንድ ጎረቤቴን ዴስክቶፕ ስከፍት አቧራው እንደ ባዘቶ ተድበልብሎ የፋኑን ክንፎች ይዟቸው ነበር፤ በጣቴ ስነካው ይጣበቃል። በዓመት ሁለት ጊዜ ከሶኬት ነቅለው፣ ከፍተው፣ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣትዎ ይዘው በለስላሳ ብሩሽ ያጽዱት።

ስኒውን ደግሞ ከጠረጴዛው ያርቁት። ስኳርም ሆነ ጨው ያለበት ቡና ኪቦርድ ውስጥ ሲገባ ከውሃ የባሰ ነው። ከፈሰሰ ወዲያው ያጥፉ፣ ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ ይዘቅዝቁት፤ "እስኪ ይሠራ እንደሆን" ብለው አያብሩት፤ ለባለሙያ ይስጡ። ይልቅ "ቡና ደርሷል" ሲባሉ ተነስተው ሄደው ይጠጡ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪደርስ ወገብም ዓይንም ያርፋል።

የሠሩትን ሁሉ አንድ ቦታ ማስቀመጥ

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ብዙ ቢሮና ቤት ኮምፒውተሩን አጣ። ማሽን ይተካል። የዓመታት ፋይል ግን አይተካም፤ ያኔ ያለቀሱ ሰዎችን አውቃለሁ። ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ በቂ አይደለም፤ ፍላሽ ከፎቶ ኮፒ ቤት ፎቶ ኮፒ ቤት ሲዞር ቫይረስ ይሸከማል፣ በድንገትም ይሞታል። በድሮ የአማርኛ ፎንት የተጻፈ ፋይል ካለዎትም ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ስለሚሆን፣ ጊዜ ሳያልፍ ወደ ዩኒኮድ (ዛሬ ኮምፒውተሮች ሁሉ ወደሚጋሩት የፊደል አቀማመጥ) ያስቀይሩት።

እኔ ሁለት ውጫዊ ዲስክ አለኝ። አንዱ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ሌላው ኮምቦልቻ እኅቴ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ በፌስታል ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ በየወሩ ልጠይቃት ስሄድ አዲሱን ፋይል አስገብቼበት እመለሳለሁ።