የአማርኛ ስላይድ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲዘበራረቅ

እኔ ላፕቶፕ ላይ ስላይዱ ልክ ነው። የስብሰባው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ግን የአማርኛው ፎንት ይቀየራል። ርዕሱ ሁለት መስመር ይሆናል፣ የግራፉ መግለጫዎች ይደራረባሉ፣ የሰንጠረዡ የመጨረሻ ረድፍ ከስላይዱ ወርዶ ይጠፋል።

መጀመሪያ ፊደሉን አሳነስኩ። ከኋላ ለተቀመጠ ሰው አይነበብም። ወደ ፒዲኤፍ ቀየርኩት፤ ቅርጹ አልተነካም፣ ግን ግራፉን ደረጃ በደረጃ የሚያወጣው አኒሜሽን ቀረ። ገና አፌን ሳልከፍት ሰዉ ውጤቱን አየው። ፎንቱን በፍላሽ ይዤ ሄድኩ፤ ኮምፒውተሩ ያለ አድሚን ፈቃድ አልጭንም አለ።

የሠራው ይኸው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን የአማርኛ ፎንት መረጥኩ፤ ነፃ ነው፣ ፋይል ውስጥ መክተትም ይፈቅዳል። የማይፈቅዱ ፎንቶች አሉ፣ እነሱ ላይ ጊዜ አታጥፉ። ዊንዶውስ ላይ ባለው ፓወርፖይንት፣ ሆም ውስጥ ካለው «ሪፕሌስ» ሥር «ሪፕሌስ ፎንትስ» ገብቼ የተቀላቀሉትን የአማርኛ ፎንቶች ወደ አንድ አመጣሁ። ከዚያ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ። ታች «ኢምቤድ ፎንትስ ኢን ዘ ፋይል» የሚል ሳጥን አለ፤ ምልክት አደረግኩበት። ከሥሩ «ኢምቤድ ኦል ካራክተርስ» (ሁሉንም ፊደላት ክተት) የሚለውን መረጥኩ። ፋይሉ ይከብዳል፤ ግን በመጨረሻ ደቂቃ ሌላ ሰው ጽሑፍ ቢያርም ፎንቱ አይጎድልበትም። ሴቭ አድርጌ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩት። አኒሜሽኑም ሠራ፣ ሰንጠረዡም ሙሉ ነው።